የምትመጣዋ ልጅ

ጥቅምት 4 ቀን

ለውድ ያክስቴ ልጅ፣ ለድንቢጥ፤

ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ ከተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ እየዋልኩ ድምፄ ከመዘጋቱ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም። ለምን አልደወልሽም እንዳትዪኝ። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል፤ ደብዳቤ ላይ ቢያንስ ለሐሜት የሚሆን ቦታ አለ።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ። አክስቴ ደህና ናት። ዓይኗ ግን ያው ጭጋግ እንደለበሰ ነው፤ ሰው መግባቱን ታያለች፣ ማን እንደገባ አታይም። ስልክም እንደ ድሮዋ እምቢ ብላለች። «ሰው የሌለበትን ድምፅ አላናግርም» ትላለች። በየቀኑ ትጠይቃት የነበረችው ጎረቤቷ ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ ልጇ ዘንድ ሄደች። እኔም በሳምንት አንዴ ብቅ ብል ነው። ስለዚህ አንድ መላ መታሁ።

እንደምታውቂው እኛ ትምህርት ቤት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያልሰጠ ተማሪ አይመረቅም። አምና ሰፈር አጽዱ ስንላቸው መጥረጊያ ይዘው ፎቶ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዘንድሮ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ዘንድ እየሄዱ ያንብቡላቸው፣ ያጫውቷቸው፣ ቤት ያስተካክሉላቸው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ርእሰ መምህሩ «ግሩም ሐሳብ ነው» አለና ሥራውን በሙሉ እኔ ላይ ጫነው። አማካሪ ሆኖ ሐሳብ ማቅረብ እንዲህ ያስቀጣል።

ለእናትሽ የመደብኳት የልብስ ሰፊዋን ልጅ ነው። እናቷ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ዩኒፎርም የምትሰፋው ሴትዮ ናት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ውጤቷ መካከለኛ፣ ጠላትም ጓደኛም የሌላት። ስለ ወደፊቷ ላነጋግራት ቢሮዬ ጠርቼ «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ስላት ብዙ አሰበችና «ማንንም ብሆን ግድ የለኝም» አለችኝ። ሐኪም፣ አብራሪ፣ ዘፋኝ ሲሉኝ ነው የኖርኩት፤ ይቺ ግን አንጀቴን በላችው።

ከመላኬ በፊት ለሁሉም አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ። ያረጀ ሰው ሲሳሳት አትከራከሩ፣ እሺ በሉ ብያለሁ። የመጀመሪያ ቀን አብሬያት ሄድኩ። አክስቴ የልጅቷን ፊት ዳበሰችና «ድንቢጥ! መጣሽ?» አለች። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። እኔም በዓይኔ እሺ በይ አልኳት። «አዎ፣ መጣሁ» አለች። እናትሽ ያን ቀን ሳህኗን ጠርጋ በላች።

እስቲ ከእናትሽ ጋር ብቻችሁን ስትሆኑ ምን ምን ታደርጊ እንደነበር ጻፊልኝ። እኔ የማውቀው የሜዳ ጨዋታችንን ነው። ልጅቷ አንድ ሁለቱን ብታደርግላት ደስ ይላታል ብዬ ነው።

ያንቺው፣
ወይዘሮ ምክር


ጥቅምት 27 ቀን

ለወይዘሮ ምክር፣ የተማሪ ሁሉ ራስ ምታት ለሆንሽው እህቴ፤

ፈጣሪ ጤናውንም ዕድሜውንም ያብዛልሽ፤ ጨዋታሽን ግን አይቀንስብኝ። እኔ አለሁ። አሁንም ያው ከምድር በታች ያለው የሆስፒታሉ ልብስ ክፍል ነኝ። አንሶላው ከማድረቂያው ትኩሱን ይወጣል፣ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። አብራኝ የምታጥፈዋ ሴት የኔን ቋንቋ አትችል፣ እኔ የሷን አልችል፤ ስለዚህ ተጣልተን አናውቅም። ደብዳቤሽን አንሶላ ላይ ዘርግቼ ሳነብ አለቀስኩና ያንን አንሶላ መልሰን አጠብነው።

ሳህኗን ጠርጋ በላች? ደግመሽ ጻፊልኝ። እናቴን እኔ ባላበላትም በስሜ በላች ማለት ነው።

የመኖሪያ ወረቀቴ ዘንድሮም አልተስተካከለም። ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። በየዓመቱ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ስላት ኖሬ አሁን ቃሉ ራሱ ያሳፍረኛል። እና ልጅቷን ባርኪልኝ።

የጠየቅሽኝ ይኸውልሽ። ደጁን ሳንኳኳ በመዳፌ አንዴ መታ አደርግና ከዚያ በጥፍሬ እቧጥጣለሁ፤ እማ «ድመቷ መጣች» ትላለች። እንደገባሁ ከአንገቷ ሥር አሸታታለሁ። መቀመጫዬ ወንበር አይደለም፤ መስኮቱ ሥር ያለው ሳጥን ነው፣ እግሬን አጣጥፌ። ፀጉሯን ከኋላ ሳበጥርላት ዜማ አንጎራጉራለሁ፣ ቃል የለውም፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ሦስት ጊዜ ይወጣና ከዚያ ይወርዳል። ልጅቷ መቼም በዚህ ብቻ አታገኘውም። እማ ራሷ ታስይዛት።

ድንቢጥ


ኅዳር 18 ቀን

ለውድ ድንቢጥ፤

ሰላምሽ እንደ ሥራሽ ትኩስ ይሁን። እኛ ጋ ሁሉ አማን ነው። ርእሰ መምህሩ ቢሮዬን ወደ ስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ አዛውሮብኛል፤ አሁን ተማሪ የሚያለቅስልኝ የኳስ መንፊያ ሲጮህ እየሰማ ነው።

ያልሽውን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ። በመዳፏ መታ፣ በጥፍሯ ቧጨር። አክስቴ ከውስጥ «ድመቷ!» ብላ ብድግ አለች፤ ከወንበር ለመነሣት ስንት ሰው የሚደግፋት ሴት! አሁን ቤቷን ራሷ ትጠርጋለች፣ ጎኔን አመመኝ ማለቷን ትታለች። ዜማውንም ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ያዘችው። እናትሽ ግን አስያዝኳት አትልም።

ልጅቷም ሌላ ሰው ሆናለች። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ዛሬ በረንዳው ላይ ስትስቅ ሰማኋት። ስትስቅ ልክ እንዳንቺ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ትይዛለች። ድንቢጥ፣ ይህን ጽፈሽልኝ ነበር? ደብዳቤሽን ደግሜ ባነበው የለም። እኔም አልነገርኳትም። ያው እናትሽ ናት የነገረቻት ብዬ ተውኩት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ትናንት መጥታ «መምህርት፣ እኔ ልጅ ሆኜ ምን እፈራ ነበር?» አለችኝ። «ማን፣ አንቺ?» ስላት ደንግጣ «ድንቢጥ ማለቴ ነው» አለች። ሳቅንበት። እስቲ ምን ነበር የምትፈሪው? አክስቴ እንድታጽናናት ትፈልጋለች መሰለኝ።

ወይዘሮ ምክር


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት ልልሽ አስቤ ነበር፤ እሱም አይደለም። ወረቀቱን አውጥቼ እቀመጥና ጊዜው ይሄዳል።

የምፈራው ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ውሃ ሲሞላ ነበር። ሲያጉረመርም አንድ ግዙፍ ነገር ቤቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። እማ እጇን ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ውሃ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ባለፈው አብራኝ የምታጥፈዋን ሴት ላስቃት ብዬ በርዋን ልክ እንደ እማ በር ላንኳኳ አልኩና እጄ አየር ላይ ቀረ። በመዳፍ ነው? በጥፍር ነው? የመጀመሪያው የቱ ነበር? ዜማውንም አንሶላ ሳጥፍ ልጀምረው አፌን ከፍቼ ባዶ ሆነብኝ። አንቺ ዘንድ ተጽፎ አለና እስቲ መልሰሽ ጻፊልኝ። መቼም እርጅና ካንቺ በፊት ወደ እኔ መጣ ማለት አሳፋሪ ነው።

ደብዳቤውን ሳላሽገው ያየሁትን ልጨምር። የታንከሩን ነገር ከጻፍኩልሽ በኋላ ትልቁ ማጠቢያ ውሃ ሲሞላ አጠገቡ ቆምኩ። ዕድሜ ልኬን ያንን ድምፅ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ምንም አልተሰማኝም። ዝም ብሎ ውሃ ነው። ደስ አለኝ መሰለኝ።

ድንቢጥ


ጥር 9 ቀን

ለድንቢጥ፤

ፈጣሪ ይጠብቅሽ፣ በያለሽበት። ዛሬ ጨዋታ የለኝም።

ልብስ ሰፊዋ የሜትር ገመዷ አንገቷ ላይ እንዳለ ቢሮዬ ገባች። አልቀመጥም አለች።

«መምህርት፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

«ምን ሆነች?»

«የገዛ ቤቷን ደጅ ታንኳኳለች። ቁልፍ እኮ አላት! አንዴ መታ ታደርግና በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ስከፍትላት ‘እንዴት ዋሉ?’ ትለኛለች። ዋሉ! እኔን፣ የወለድኳትን! ለምርቃቷ ቀሚስ ልለካት ስል ወደ ኋላ አፈገፈገች። ‘እናቴ ሳታውቅ ሰው ሲለካኝ አልወድም’ አለችኝ።»

የጉርምስና ነገር ነው፣ ያልፋል ልላት ነበር፤ ስንት እናት እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ። ለዚች ግን ቃሉ አልወጣልኝም።

ልጅቷን አስጠራኋት። ገብታ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ መስኮቱ ሥር ያለው የኳስ ሳጥን ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። «እናትሽ ተጨንቃለች» ስላት ፈገግ አለችና «አንቺ ደግሞ ስትፈሪ ያው ነሽ። ቁም ሣጥን ውስጥ ሆነንም አንቺ ነሽ አስነጥሰሽ ልታስይዢን የነበርሽው» አለችኝ። ተማሪዬ ናት እንዲህ ያለችኝ።

ድንቢጥ፣ ቆሌዬ ተገፈፈ። አባትሽ የተቀበረ ቀን ሰዉ ሳሎን ሲያለቅስ እኔና አንቺ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተን ስኳር በላን፤ ሳቅ አፍኖን ነበር። ለማንም ላንናገር ተማማልን። እናትሽ አታውቅም። እኔ ለነፍስ አባት እንኳ አልተናገርኩም። አንቺ ለማን ነገርሽ?

የአገልግሎት ሰዓቷን አሟልታለች ብዬ ፈርሜ ከአክስቴ ቤት አወጣኋት። ሌሎች ሁለት ልጆች ላክሁ፤ አክስቴ በሩን አልከፈተችላቸውም። እባክሽ ለእናትሽ በራስሽ ቃል ጻፊላት፣ እኔ አነብላታለሁ። ቁም ነገር ባይሆንም ይሁን። ካንቺ የመጣ መሆኑን ትስማ።


የካቲት 30 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስለ ቁም ሣጥን የጻፍሽው አልገባኝም። አንብቤው መጀመሪያ የመጣልኝ አባቴ ሞቷል እንዴ የሚል ነው። ከዚያ ሞቷል አልኩ። ግን ያወቅሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። አትቆጪኝ።

ለእማ በራስሽ ቃል ጻፊ ስላልሽኝ ተቀመጥኩ። «ለውድ እናቴ» ካልኩ በኋላ የሚከተለው ጠፋኝ። ፊቷን ላስታውስ ስሞክር አብራኝ የምታጥፈዋ ሴት ፊት ይመጣል። ወረቀቱን ጠቅልዬ ጣልኩት።

እውነቱን ልንገርሽ? ቀሎኛል። ድሮ በየቀኑ ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር፤ እማ በላች? ወደቀች? ማን አለላት? አሁን የለም። እንቅልፌ ደህና ነው፣ ምግብ ይበላልኛል፣ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ወፈርሽ ይሉኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅቷን አትከልክያት። አሮጊቷ ልጅ አገኘች፣ ልጅቷ መሆን የምትፈልገውን አገኘች፣ እኔም አረፍኩ። ማን ተጎዳ?

ደግሞ ድንቢጥ ድንቢጥ አትበዪኝ። ስሙን ሳነብ ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው የምትጠሪ ይመስለኛል።


መጋቢት 25 ቀን

ለድንቢጥ። አዎ፣ ለድንቢጥ፤

ማን ተጎዳ ትዪኛለሽ? እኔ ልንገርሽ።

ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አክስቴ ቤት ገብታለች። ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ጠዋት ትመጣለች፣ ስትጨርስ ወደዚያ ትሄዳለች። ስሟን ስንጠራ አቤት አትልም። የክፍል ኃላፊዋ ቀሪ ይላታል፣ እሷ ፊቱ ተቀምጣለች።

እናቷ ሱቋን ዘግታ አክስቴ በር ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ትውላለች። ልጇን በስሟ ትጠራለች። እንደ መጮህ አይደለም፤ ምሳ ደርሷል ብላ እንደምትጠራት ነው የምትጠራት። እኔ ቆሜ እያየሁ ልጅቷ ውሃ ይዛላት ወጣች።

«እማማ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል። ልጅዎ ጠፍታብዎት ነው?»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ተቀብላ ጠጣችው። የልጇ እጅ ነዋ የሰጣት። እኔ ግን እዚያው መንገዱ ላይ እንባዬ መጣ።

ገባሁና አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዳታስከፊያት ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ከእንግዲህ ማስከፋት አልፈራም።

«አክስቴ፣ ይቺ ልጅ ድንቢጥ አይደለችም። የሰው ልጅ ናት። እናቷ ደጅ ላይ ናት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ዓይኔ ነው የደከመ። የመጣች ቀን ፊቷን ስዳብስ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ የምትመጣዋ ልጄ ናት።»

 እሷ ወደ ጓዳው ዞራ «ድንቢጥ!» ብላ ተጣራች። ከውስጥ «አቤት እማ» የሚል ድምፅ መለሰ። ያንቺ ድምፅ ነው። የሚመስል አይደለም፤ ያንቺ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ ታንከሩ መሙላት ጀመረና ልጅቷ ሮጣ ወጥታ ራሷን አክስቴ ጉያ ውስጥ ወሸቀች። አክስቴም ጆሮዋን ይዛ «ውሃ ነው» ትላታለች። እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ። ጫማዬን በትክክል አድርጌ ይሁን አላውቅም።

ይህን ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የመገብሽው አንቺ ነሽ፤ ወቀሳውን በኋላ እንካፈላለን። አሁን ነይ። ወረቀቱን ማሰብ ተዪው፤ ከቀረብሽም ይቅር። አንቺ ራስሽ በር ላይ ብትቆሚና እናትሽ እጇን ፊትሽ ላይ ብታደርግ ያች ልጅ የያዘችውን ለባለቤቱ ትለቃለች ብዬ አምናለሁ። ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም። በደብዳቤ የሰጠሽውን በደብዳቤ መመለስ አልቻልኩም፤ በሩን እንዴት ታንኳኪ እንደነበር እዚህ ጽፌልሽ ነበር፣ ላሽገው ስል ከደብዳቤው ውስጥ አላገኘሁትም፤ የጻፍኩበት ቦታ ንጹሕ ወረቀት ነው።

ፈተና ሳይደርስ ነይ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በላይ በርጩማው ላይ አትቆይም፤ ሰውነቷ እያለቀ ነው።

ያክስትሽ ልጅ


ሐምሌ 2 ቀን

ለተከበሩ የትምህርት ቤት አማካሪ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም ተማሪዎችዎም በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። አንተዋወቅም፤ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የመጋቢት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሴ የቆየው ባለቤቲቱ መጥታ ትወስደዋለች ብዬ አስቀምጬው ስለነበር ነው። አድራሻው የእኔ ክፍል ነው፣ ድንቢጥ የሚሏትን ግን አላውቃትም። መሳቢያዬን ሳጸዳ ከእርስዎ የመጡ ሌሎች ደብዳቤዎችም አገኘሁ፣ ተከፍተው። ከእኔ በፊት እዚህ የኖረች ሴት ረስታቸው ሄዳ ይሆናል። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ ግን ማቆም አቃተኝ።

ላፈላልግልዎ ሞክሬ ነበር። የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ክፍል ገብቼ ድንቢጥ የምትባል ሴት ታውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ። ማንም አያውቅም። አብራኝ የምታጥፈዋ ሴት ብቻ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ቋንቋ ስለማንግባባ ጥያቄዬ አልገባት ይሆናል።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ያነበብኩ ቀን ሥራ አልሠራሁም። ሴትዮዋ አሁንም በርጩማው ላይ ናት? ልጇስ ተመለሰችላት? መልስ ለእኔ መጻፍ ግዴታ የለብዎትም፤ ግን እያሰብኩ አድራለሁ። ያችን ድንቢጥን ካገኟት አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አንዲት ሴት ልጇን ከሌላ ሰው ደጅ እየጠራች ያለችው እሷ ወደ እናቷ ደጅ ስላልሄደች ነው። በወረቀት አመካኝታ እናቷን በሰው ልጅ የምታስጠብቅ ምን ዓይነት ልጅ ናት? አንጀቷ እንዴት ቻለ? 

የእኔ የመኖሪያ ወረቀት በዚህ ወር ተስተካክሎልኛል። ማኅተሙን ያደረገልኝ ሰውዬ ደስ ብሎት «ከዛሬ ጀምሮ አገርሽ ደርሰሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ማንን ልትጠይቂ ነው?» አለኝ። ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ሰልፉ ከኋላዬ ረዘመ። ማንም የለኝም አልኩትና ወጣሁ።

ከተቆጣሁ ይቅር ይበሉኝ፤ በማያገባኝ ገባሁ። እኔ ግን እናት ብትኖረኝ ኖሮ ወረቀቴ እጄ በገባ ማግስት ደጇ ላይ ነበርኩ።

አክባሪዎ፣
ከልብስ ክፍል